የኦዲሴዎስ ጉዞ ለልጆች ሲተረክ

በዘመን ብዛት ንግግሩ የራቀውን፥ በርዝመቱም አንባቢን የሚያደክመውን አንድ ታላቅ ድርሰት ለልጆች በሚስማማ መጠንና ቋንቋ እንደ ገና መተረክ ለብዙ ሰው ቀላል ሥራ ይመስለዋል፤ ሥራውን በእጃቸው የሞከሩት ደራስያን ግን ከዚህ የሚከብድ የብዕር ፈተና ጥቂት መሆኑን ያውቃሉ። ለዐዋቂ የሚጽፍ ሰው አንባቢው መጽሐፉን ከሌላ መጽሐፍ ጋራ አመዛዝኖ እንደሚፈርድበት ያስባል፤ ለልጅ የሚተርክ ሰው ግን ምን ይነገር፥ ምንስ ይቅር እያለ በየገጹ ሲቈርጥ፥ የተቀነሰበትን ነገር ሊያውቅ በማይችል፥ ስለዚህም አቤት ሊል በማይችል ሰሚ ላይ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ እንዴት ሊሰጥ እንደሚገባ ለመመርመር ለሚወድ ሰው ከሆሜር ድርሰት ከኦዲሲ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ለወጣቶች ሲነገር የኖረ፥ በየዘመኑም ተራኪዎቹን ያከራከረ ታሪክ ነውና።

ኦዲሲ በ24 መጻሕፍት የተከፈለ፥ ከ12,000 የሚበልጡ ስንኞች ያሉት የጥንት ግሪክ ድርሰት ሲሆን፥ የሚበዙት ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በ7ኛው መቶ ዓመት ግድም እንደ ተደረሰ ይገምታሉ። ነገሩም እንዲህ ነው፤ ኢታካ የምትባል ድንጋያማ ደሴት ንጉሥ ኦዲሴዎስ፥ ሚስቱን ፔኔሎፔንና ሕፃን ልጁን ቴሌማኮስን ትቶ ከግሪክ ነገሥታት ጋራ ወደ ትሮያ ይዘምታል፤ ጦርነቱም 10 ዓመት ይፈጃል፤ ከተማይቱ ከወደቀች በኋላ 12 መርከቦች አስከትሎ ወደ አገሩ ቢነሣ፥ ማዕበሉ፥ የሰዎቹ አለመታዘዝና የራሱም ትዕቢት ተባብረው ሌላ 10 ዓመት ያንከራትቱታል። ሰው የሚበላው ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ፖሊፌሞስ፥ ሰውን ወደ ዕሪያ የምትለውጠው ቂርቄ፥ በዜማቸው መርከበኛን የሚያጠፉት ሲሬኖች፥ ከገደል ዋሻ ስድስት ራስ አውጥታ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ የምትነጥቀው ስኪላ፥ ሰባት ዓመት በደሴቷ ያቈየችው ካሊፕሶ፥ እነዚህ ሁሉ በመንገዱ ላይ የቆሙ ፈተናዎች ናቸው። በቤቱ ደግሞ 108 ጐረምሶች ንጉሡ ሞቶአል ብለው ፔኔሎፔን ለማግባት ሲሻሙ፥ ከብቱን እያረዱ፥ ወይኑን እየጠጡ ሀብቱን ይጨርሱበታል። እርሱም በ20ኛው ዓመት፥ ባልንጀሮቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ፥ ብቻውን በለማኝ አምሳል ወደ ቤቱ ይገባል።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ድርሰት በከፈተ ጊዜ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ የአገሩን ስም ያገኛል። ግሪኮች የባሕር አምላክ ይሉት የነበረው ፖሰይዶን፥ የኦዲሴዎስ ባላንጣ፥ በምድር ዳርቻ ከሚኖሩት ከኢትዮጵያውያን ዘንድ የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል ሄዶ ሳለ፥ የቀሩት አማልክት እርሱ የሌለበትን ሰዓት አግኝተው ስለ ኦዲሴዎስ መመለስ ይመክራሉ፤ እንግዲህ የታሪኩ ቋጠሮ መፈታት የሚጀምረው በኢትዮጵያውያን ግብዣ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። እርግጥ ነው፥ የዚያ ዘመን ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት በዓለም ጫፍ ይኖራሉ ብለው የሚያስቡአቸውን ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ እንጂ ዛሬ በካርታ ወሰን የተለየችውን አገር ሕዝብ ብቻ አልነበረም፤ ይህንንም ለልጅ ሳይሸሽጉ መንገር ይገባል። ሆኖም ለእኛ ልጆች የሚተርክ ሰው ይህን በር አልፎ ቢሄድ፥ ሰሚውን ወደ ታሪኩ የሚያስገባ የቅርብ መንገድ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ድርሰቱ ከልጆች ጋራ ያለው ዝምድና እጅግ የቈየ ነው። በጥንት ግሪክ ተማሪ ፊደል ከለየ በኋላ ሆሜርን በቃሉ ያጠና ነበር፤ በግብፅ ደረቅ አሸዋ ተቀብረው ከተገኙት የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ፓፒረሶች መካከል የማንም ደራሲ ሥራ የሆሜርን ያህል አልበዛም፥ ከእነርሱም ውስጥ የተማሪ ቤት መልመጃ የሆኑ አሉበት። በሮም ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ሊቪዮስ አንድሮኒኮስ የተባለ ሰው ኦዲሲን ወደ ላቲን መለሰ፤ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላም ባለቅኔው ሆራስ የሊቪዮስን ስንኞች በልጅነቱ በመምህሩ ዱላ ሥር እንደ ተማረ ጽፎአል። በቃል ትምህርትና በአርጩሜ ላደገ የአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ፥ በእኛም ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለው አባት፥ ወጣቶች የአረማውያንን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንደሚገባቸው የሚመክር ድርሳን ጻፈ። ንብ ወደ አበባ ሁሉ እንደማትሄድ፥ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ የቀረውን እንደምትተው፥ ወጣቱም እንዲሁ ያድርግ አለ፤ ክፉ ነገር በሚነገርበት ስፍራ፥ ኦዲሴዎስ ከሲሬኖች ዜማ እንደ ሸሸ፥ ጆሮውን ይድፈን አለ፤ ዳግመኛም መርከቡ ተሰብሮ ዕራቁቱን በባሕር ዳር የተገኘውን ያንኑ ኦዲሴዎስን፥ ልብስ ባይኖረው ምግባርን ተጐናጽፎ በንጉሥ ልጅ ፊት ስለ ቆመ፥ የትሩፋት ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። ከዚህ አባት ምክር የምንማረው ለወጣት መምረጥ ተገቢ መሆኑን ነው። መምረጥና መፍራት ግን ይለያያሉ፤ የሚመርጥ ሰው የታሪኩን ነፍስ ለማዳን ይቀንሳል፥ የሚፈራ ሰው ግን ነፍሱን አውጥቶ ልብሱን ያስቀራል። ከዚያ ወዲህ በተራኪዎች መካከል የተነሣው ክርክር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ለማግኘት ነው።

በ1699 (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የካምብሬው ሊቀ ጳጳስ ፌኔሎን፥ የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የልጅ ልጅ መምህር ሳለ ለተማሪው የጻፈው የቴሌማኮስ ታሪክ ታተመ። ፌኔሎን ልጁ አባቱን ሲፈልግ በየአገሩ እንዲዞር፥ የጥበብ አምላክ የምትባለውም በሽማግሌው በሜንቶር አምሳል ሆና ስለ ፍትሕ፥ ስለ ትሕትና፥ ጦርነትንም ስለ መጥላት እንድታስተምረው አደረገ። ንጉሡ መጽሐፉን በራሱ አገዛዝ ላይ እንደ ተነገረ ተግሣጽ ስለ ቈጠረው በደራሲው ላይ ቍጣው ጸና፤ መጽሐፉ ግን በአውሮፓ ሁሉ ተስፋፍቶ ለብዙ ትውልድ የወጣቶች ንባብ ሆነ። የደራሲውን ድፍረትና ቅን ልቡና እያከበርኩ፥ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሜንቶር መምከር በጀመረ ቍጥር ታሪኩ ይቆማል። ምክር ከታሪክ በላይ በሆነበት ስፍራ ልጅ ምክሩንም ታሪኩንም ይተዋል።

ከዚህ በኋላ በ1808 በለንደን የሆነው ነገር ለጉዳያችን ዋና ምስክር ነው። ቻርልስ ላምብ ከእኅቱ ከሜሪ ጋራ የሼክስፒርን ቴያትሮች ለልጆች በዝርው ከተረከ ጥቂት ጊዜ በኋላ፥ ጆርጅ ቻፕማን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን ኦዲሲ መሠረት አድርጎ የዩሊሲስን ጀብዱ የሚናገር አጭር መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ዩሊሲስ የኦዲሴዎስ የላቲን ስሙ ነው። አሳታሚው ዊልያም ጎድዊን ረቂቁን ባነበበ ጊዜ ደነገጠ፤ ፖሊፌሞስ ሰዎቹን ሲበላና ሲያስታውክ፥ ዓይኑም በጋለ እንጨት ሲጠፋ የሚያሳዩትን ክፍሎች አንባቢ አይታገሣቸውም፥ ገዢም ያርቃሉ ብሎ እንዲለሰልሱ ለመነ። ላምብም በመለሰለት ደብዳቤ ስለ ትውከቱ አሳታሚው እውነት እንዳለው አምኖ ያንን ሰረዘ፤ ስለ ቀረው ግን፥ ሰው በላዎችና ድንቅ ነገሮች የሞሉበትን ታሪክ የመረጠ ሰው ከቶ የማያስደነግጥ መጽሐፍ ሊጠብቅ እንደማይገባው፥ እነዚህን ማውጣት መጽሐፉን ማድከም መሆኑን፥ የለንደን መጻሕፍት ሻጮች ሁሉ እንቢ ቢሉትም እንደማይለውጠው ገለጸ። አንዱን ሰርዞ ሌላውን ባጸናበት በዚህ መልስ ውስጥ የመምረጥና የመፍራት ልዩነት ተጽፎ ይታያል፤ ትውከቱ ቢቀር ታሪኩ ምንም አይጐድልበትም፥ የፖሊፌሞስ ጭካኔ ቢቀር ግን ኦዲሴዎስ ከምን እንዳመለጠ ልጁ አያውቅም።

ላምብና ጎድዊን የተከራከሩበት ነገር በራሱ በሆሜር ድርሰት ውስጥ አስቀድሞ ተነሥቶ እንደ ነበረ ማየት ያስደንቃል። በመጀመሪያው መጽሐፍ፥ አዝማሪው ፌሚዮስ ከትሮያ የተመለሱትን ግሪኮች መከራ በጐረምሶቹ ፊት ሲያዜም፥ ፔኔሎፔ ከሰገነቷ ወርዳ ኀዘኗን ስለሚቀሰቅስባት ያንን ዘፈን ትቶ ሌላ እንዲዘፍን እያለቀሰች ትለምነዋለች። ቴሌማኮስ ግን አዝማሪው ልቡ የመራውን ይዘምር፥ መከራው የመጣው ከአዝማሪው አይደለም፥ እርስዎም ልብዎን አጽንተው ይስሙት ይላታል። ኀዘን ያለበት ታሪክ ይነገር ብሎ የሚሟገተው በዚያ ቤት ካሉት ሁሉ ወጣቱ ነው፤ አባቱን አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ አባቱ ዕድል እውነቱን ሊሰማ ይወዳልና። ሽማግሎች ለልጅ በማዘን የሚያስቀሩትን ነገር ልጁ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መሆኑን ሆሜር ያውቅ ነበር።

ሁለተኛው የተራኪ ፈተና ከየት እንደሚጀመር መወሰን ነው። ሆሜር ታሪኩን የሚጀምረው ስደቱ ሊፈጸም ሲቃረብ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አራት መጻሕፍት ለቴሌማኮስ ሰጥቶ ኦዲሴዎስን በ5ኛው መጽሐፍ ያሳየናል፤ ድንቅ የሆኑትንም ጀብዱዎች ከ9ኛው እስከ 12ኛው መጽሐፍ ኦዲሴዎስ ራሱ በፌያክያ ንጉሥ በአልኪኖስ አዳራሽ ተቀምጦ ይተርካቸዋል። ላምብ ይህን ሁሉ አቃንቶ ከትሮያ መነሣት ጀምሮ በተራ አስኬደው፤ ለትንንሽ ልጆች ይህ መንገድ ቀላል እንደ ሆነ አልክድም። በ1918 የልጆች ሆሜርን ያሳተመው የአየርላንድ ተወላጅ ፓድሬክ ኮለም ግን የሆሜርን ፈለግ ተከትሎ ከቴሌማኮስ ጀመረ፤ እኔም የኮለምን ፍርድ አበልጣለሁ። ሰሚው ልጅ በታሪኩ ደጃፍ ላይ እንደ ራሱ ያለ ልጅ ሲያገኝ፥ የአባትን ስም ከባዕድ አፍ የሚለቅም፥ በገዛ ቤቱ የማይከበር ወጣት ሲያይ፥ ፖሊፌሞስና ስኪላ ከመምጣታቸው በፊት የሚናፍቀውን ነገር ያውቃል፤ ያም የአባት መመለስ ነው። አለዚያ ጉዞው የአውሬዎች ሰልፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ክፍል ነው። ኦዲሴዎስ ቀስቱን ገትሮ በ12 መጥረቢያዎች መካከል ፍላጻ ካሳለፈ በኋላ ጐረምሶቹን ሁሉ በአዳራሹ ውስጥ ይገድላል፤ ከእነርሱ ጋራ የወገኑ 12 ገረዶችም ይሰቀላሉ። ይህን የኋለኛውን ነገር ለትንሽ ልጅ በዝርዝር መንገር ግዴታ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ከፍ ላለው ወጣት ግን ሊነገረው፥ ፍርዱ ትክክል ነበርን ብሎም ሊከራከርበት ይገባዋል። በማናቸውም ዕድሜ ሊቀር የማይገባው ሌላ ነገር ነው። አሮጊቷ ሞግዚት ዩሪክሊያ ሬሳውን አይታ የደስታ እልልታ ልታሰማ ባለች ጊዜ ኦዲሴዎስ ይከለክላታል፤ በወደቁት ሰዎች ላይ መፎከር ኀጢአት ነው ይላታል። ግድያውን እንደ ድል በዓል አድርጎ የሚተርክ ሰው ይህችን አንዲት ተግሣጽ ያጠፋል፤ እርስዋ ከጠፋች ልጁ የሚማረው ደም ማፍሰስ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ነው።

ጥፋትና የጥፋት ዋጋም እንዲሁ ሊጠበቅ ይገባዋል። የፖሊፌሞስ ታሪክ ለልጆች ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ጀግናው ስሜ ማንም ነው ብሎ ግዙፉን ባታለለበትና በበጎች ሆድ ሥር ተንጠልጥለው ባመለጡበት ስፍራ ነው፤ ልጆችም ይስቃሉ፥ መሳቃቸውም መልካም ነው። በሆሜር ግን ነገሩ ገና አልተፈጸመም፤ ኦዲሴዎስ መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ ባልንጀሮቹ ዝም እንዲል እየለመኑት፥ ትዕቢት አሸንፎት እውነተኛ ስሙን፥ የአባቱን ስምና አገሩን ጮኾ ይናገራል። ፖሊፌሞስም በዚያ ስም አባቱን ፖሰይዶንን ይለምናል፤ ዘግይቶ፥ ባልንጀሮቹን ሁሉ አጥቶ፥ በባዕድ መርከብ ይመለስ፥ በቤቱም መከራ ይጠብቀው ብሎ ይረግመዋል፤ እርግማኑም አንድ ሳይቀር ይፈጸማል። ብልሃት ያዳነውን ሰው ትዕቢት መልሶ ለባሕር አሳልፎ ሰጠው። ይህን ያስቀረ ተራኪ የአሥሩን ዓመት ስደት ምክንያት አስቀረ ማለት ነው።

በድርሰቱ ውስጥ ሁሉ የሚገዛው ሕግ የእንግዳ ሕግ ነው። እንግዳና ለማኝ ከአምላክ ዘንድ የተላኩ ናቸው ብለው ግሪኮች ያምኑ ስለ ነበረ፥ ደግ አስተናጋጅ እግር አጥቦ፥ አብልቶና አጠጥቶ ስም ይጠይቅ ነበር። አልኪኖስ ማንነቱን ሳያውቅ ኦዲሴዎስን አክብሮ ይቀበለዋል፤ እረኛው ዩሜዎስ የገዛ ጌታውን ለማኝ መስሎት ካለችው ከፍሎ ያበላዋል፤ ፖሊፌሞስ ግን እንግዶቹን ይበላል፥ ጐረምሶቹም ባለቤት በሌለበት ቤት ተቀምጠው ለማኙን ይደበድባሉ። ታሪኩ ደጉን ከክፉ የሚለየው በዚህ ሚዛን ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የእግዜር እንግዳ ሲባል እየሰማ ያደገ ስለ ሆነ፥ ይህን ለማስረዳት ሐተታ መጻፍ አያስፈልግም፤ ተራኪው የእግር ውኃውንና ማዕዱን ሳይዘል ቢያሳይ ይበቃል።

ጀግናው የሚያለቅስ ሰው መሆኑም ሊሰወር አይገባውም። መጀመሪያ ስናየው ካሊፕሶ እንደማይሞት ላድርግህ እያለችው እርሱ በባሕር ዳር ተቀምጦ ወደ አገሩ አቅጣጫ እያየ ያነባል፤ በአልኪኖስ አዳራሽ ዕውሩ አዝማሪ ዴሞዶቆስ ስለ ትሮያ ሲዘምር ፊቱን በመጐናጸፊያው ሸፍኖ ያለቅሳል፤ በደጁም በፍግ ላይ የተጣለው አሮጌ ውሻው አርጎስ ከ20 ዓመት በኋላ አውቆት ጅራቱን ነቅንቆ ሲሞት፥ ማንነቱ እንዳይታወቅ እንባውን በስውር ይጠርጋል። የማይሞት ሕይወት ቀርቦለት ድንጋያማ ደሴትና የምታረጅ ሚስት የመረጠ ሰው ናፍቆቱ ካልተነገረ ምርጫው አይገባም።

የቋንቋውን ነገር በተመለከተ፥ ድርሰቱ አስቀድሞ ለጆሮ የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። አሜሪካዊው ሊቅ ሚልማን ፓሪ ከ1933 እስከ 1935 በዩጎዝላቭያ አዝማሪዎችን ሲቀዳ፥ አቭዶ መጀዶቪች የተባለው ከ12,000 ስንኝ በላይ የሆነ አንድ ታሪክ ነገረው፤ ፓሪም እንዲህ ያለ ሥራ የሚቻለው ተዘጋጅተው በሚመላለሱ ሐረጎች መሆኑን አሳየ፤ ንጋት በመጣ ቍጥር ያው የንጋት ሐረግ፥ ጀግናው በተነሣ ቍጥር ያው ቅጽል ይመለሳል። ዐዋቂ አንባቢ ድግግሞሹን ይሰለቸው ይሆናል፤ ልጅ ግን የሚመለሰውን ሐረግ ይጠብቀዋል፥ ከተራኪውም ቀድሞ ይለዋል። ከሞተች በኋላ በ1995 የኦዲሴዎስ ስደት የታተመላት እንግሊዛዊቱ ሮዝመሪ ሳትክሊፍ፥ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በመገጣጠሚያ ሕመም የተያዘች ስለ ነበረች፥ ራሷ ማንበብ ሳትጀምር እናቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበችላት አደገች፤ ዐረፍተ ነገሮቿ ድምፅ አውጥቶ ለማንበብ የተመቹ መሆናቸው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አሳጥሮ መተረክ ታላቁን ድርሰት ማዋረድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ መልስ የሚሰጣቸው 23ኛው መጽሐፍ ነው። ባልና ሚስት በተገናኙባት ሌሊት ኦዲሴዎስ አራት መጻሕፍት የፈጀውን የስደቱን ታሪክ ለፔኔሎፔ እንደ ገና ይነግራታል፤ ሆሜርም ያንን ሁሉ ከአርባ በማይበልጡ ስንኞች ይጠቀልለዋል። እንግዲህ ኦዲሲን አስቀድሞ ያሳጠረ ራሱ ሆሜር ነው። በዚያ አጭር ትረካ ውስጥ ፖሊፌሞስ ባልንጀሮቹን መብላቱ አልቀረም፥ የሰዎቹ ማለቅ አልቀረም፥ ቂርቄና ካሊፕሶም አልቀሩም፤ የቀረው ዝርዝሩ ነው። ለተራኪዎች ሁሉ ከዚህ የተሻለ መምህር የለም፤ ርዝመቱ ሲቀነስ ክብደቱ እንዳይቀነስ አድርጎ አሳይቶአልና።

እንግዲህ ይህን ታሪክ በአማርኛ ለልጆች ለመጻፍ ወይም በክፍልና በቤት ለመተረክ የሚነሣ ሰው፥ ስሞቹን ያቅልል፥ የአማልክቱን ብዛት ይቀንስ፥ ለትንንሾቹ የሚያስጨንቀውን ዝርዝር ይለፍ፥ በየምዕራፉ መጨረሻ ግን ምክር አይስፋበት፤ ጥፋቱንና ዋጋውን፥ የእንግዳን ክብር፥ የጀግናውንም እንባ አይንካ። ላምብ ያላደከመው መጽሐፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ በደብሊን የአንድ ተማሪ እጅ ገባ፤ ልጁም ስለ ወደደው ጀግና ድርሰት ጻፍ በተባለ ጊዜ ዩሊሲስን መረጠ፤ ይህ ተማሪ ጄምስ ጆይስ ነበረ፥ በ1922 ያሳተመውንም ታላቅ ልብ ወለድ በዚያው ጀግና ስም ጠራው። ለልጅ የተተረከ መጽሐፍ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ሙሉውን ድርሰት ፈልጎ እንዲያነብ ካደረገው ተራኪው ሥራውን ፈጽሞአል፥ ያነበብኩት ይበቃኛል ካሰኘው ግን የሰጠው ነገር ጥቂት ነው።